እስከዚያው ማን ያስተዳድራል?

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሰንበት፣ ኒቆዲሞስ። በዚያ ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ቀን ደግሞ ከዐባይ ማዶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ጣልያን ሁለቱንም ከተሞች ለቆ ወጥቷል። ንጉሡ ግን አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። መሃሉ 29 ቀን ይሆናል።

በእነዚያ 29 ቀናት ኢትዮጵያን ያስተዳድር የነበረው ማን ነው? ጥያቄው ለታሪክ ፈተና የተዘጋጀ ይመስላል። ሆኖም በየጊዜው በዜና የምንሰማቸውን ቃላት፣ ማለትም ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ተጠባባቂ ኃላፊ፣ ባለአደራ መንግሥት፣ የሽግግር ወቅት የሚሉትን ለይቶ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ጊዜ ሰው አያጣም፤ ሁልጊዜ አንድ የሚያዝበት አለ። ማወቅ የሚገባን ያ ሰው ምን እንደተፈቀደለት፣ ምን እንደተከለከለና መቼ እንደሚለቅ ነው። ሦስቱ አስቀድመው ካልተነገሩ ጠቡ የሚነሳው ከዚያ ነው። በ1933 አንዳቸውም አልተነገሩም ነበር።

ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለው የመሃል ጊዜ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። በጦርነቱ ዋዜማ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተዋል። ጠላት አገሩን ከያዘ በኋላም የያዘው በዋናነት ከተማውንና ምሽጉን ነው፦ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን፣ ባሕር ዳርን። ገጠሩ በአርበኞች እጅ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ በየፊናቸው አገር ይጠብቁ ነበር፤ በላይ ዘለቀማ ለተከታዮቹ ማዕረግ እስከ መስጠት ደርሷል። ጦር ሜዳውን የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ገጠሩን ማን አስተዳደረው የሚለው ግን ከጀግንነቱ ወሬ በታች ተቀብሮ ይቀራል፤ ለእኔ ከጦርነቱ ያላነሰ የሚገርመው ይኸው ነው።

ንጉሡ በጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ 1932፣ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ጎጃም ገብቶ ነበር። ከንጉሡ ጋር የገባውን ጦር ይመራ የነበረው ደግሞ ኦርድ ዊንጌት ነው። መንገዱ በበላያ ተራራ፣ በቡሬ፣ በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ያደርሳል። ጣልያን ቡሬን በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት፣ ደብረ ማርቆስን በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት ለቀቀ።

እዚህ ላይ በትልቁ የመሃል ጊዜ ውስጥ ትንሽ የመሃል ጊዜ አለች። ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ሲወጣ ከተማው የቀረው በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ ነበር። ራስ ኃይሉ የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ጎጃምን ለብዙ ዓመታት ገዝተው በ1924 ከሥልጣን ተሽረው ታሰሩ፤ በጠላት ዘመን ከጣልያን ጋር አበሩ። ከጣልያን መውጣት እስከ ንጉሡ መግባት በነበሩት ጥቂት ቀናት የከተማው ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ ማንም አላስወጣቸውም። ንጉሡ ሲደርሱ ገብተው ተገዙ። በወረቀት ላይ ስም ያልተሰጠው እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በቦታው በተገኘው ሰው እጅ ነው።

ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ከደረሱ በኋላ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ለምን አልሄዱም? እንግሊዞች ስላዘገዩዋቸው ነው። በይፋ የተሰጠው ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጣልያናውያን ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ ቂሙን ይወጣባቸዋል ተብሎ ተፈራ። ጣልያን አዲስ አበባ ላይ የፈጸመውን የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ላስታወሰ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረ። እንግሊዝ በ1931 የጣልያንን ወረራ በይፋ አውቃ ነበር። በጥር 27 ቀን 1933 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ኢደን መንግሥቱ ነፃ ኢትዮጵያ እንደገና መታየቷን በደስታ እንደሚቀበል፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴንም የዙፋን ይገባኛል ጥያቄ እንደሚያውቅ ለፓርላማ ተናገረ። ልብ በሉ፤ የታወቀው ይገባኛል ባይነታቸው ነው። ዙፋኑ ላይ ተቀምጠው ማስተዳደራቸው ገና አልታወቀም። በእንግሊዝ ጦር ሕግ ዓይን አገሪቱ ከጣልያን የተማረከች ምድር ነበረች፤ ያቋቋሙትንም መሥሪያ ቤት የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር ብለው ሰየሙት። የጠላት ግዛት የተባለችው ጠላት የወረራት አገር ናት።

ስለዚህ በእነዚያ 29 ቀናት ሁለት አስተዳዳሪዎች ነበሩ። አንዱ አዲስ አበባ ላይ ጦርና ገንዘብ ይዞ ተቀምጧል፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን አልሾመውም። ሌላው ደብረ ማርቆስ ላይ የሕዝቡን ልብ ይዞ ተቀምጧል፤ ከዐባይ ወዲያ የሚያዝበት ግን የለውም። ጊዜው ደግሞ ዝም ብሎ አልቆመም። ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ፤ ንጉሡ የአምስት ዓመት ስደት ካበቃ በኋላ የመጀመሪያውን ፋሲካ በኢትዮጵያ ምድር የፈሰኩት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዐባይን ተሻግሮ እየሸሸ ነበር፤ እጁን የሰጠው በግንቦት አጋማሽ ነው። አምባላጌ ላይ የመሸገው የአኦስታው መስፍንም የተማረከው በግንቦት ነው። ጎንደር እስከ ኅዳር 1934 ቆየች። ሚያዝያ 27 የድል ቀን ሆኖ ሲከበር ጦርነቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እንደነበር ብዙ ሰው አያስታውስም። ቀኑ የተመረጠው ለሌላ ምክንያት ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አምስት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበርና።

ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡም የመሃሉ ጊዜ አላበቃም። ግንቦት 3 ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። የእንግሊዝ አስተዳደር ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሹመቱ ሙሉ ሥልጣን ሊሆን አይችልም አለ። ሚኒስትሮቹ አሉ፤ ሚኒስትርነታቸው ግን አከራካሪ ሆነ። ክርክሩ በወረቀት ላይ ልክ የያዘው በጥር 23 ቀን 1934 ስምምነት ነው። ያኔ እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት መሆኗን አወቀች፤ ለመጀመሪያው ዓመትም 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ተስማማች። በምትኩ አማካሪዎችና ዳኞች አስገባች፣ ኦጋዴንንና የተከለሉ የተባሉ ቦታዎችን በእጇ አቆየች። ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1934፣ የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ሁለተኛው ስምምነት ተፈረመ፤ የእንግሊዝ እጅ በብዙው አጠረ። የመጨረሻው ቁራሽ፣ ሐውድና ቀሪው የተከለለ ቦታ፣ የተመለሰው በ1947 ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 29 ቀን የተባለው ቆይታ በሌላ በኩል ሲቆጠር 14 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ሮማውያን፣ በነገሥታቱ ዘመን፣ ንጉሥ ሞቶ ሌላ እስኪነግሥ ከሽማግሌዎቻቸው አንዱን ለአምስት ቀን ይሾሙ ነበር፤ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ለሌላ ሽማግሌ ያስረክባል። ማንም በአምስት ቀን ውስጥ ሥር አይሰድም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሰውየውን አትመኑት፣ ቀኑን ቁረጡለት የሚል ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ፤ በጋዜጣም በመሥሪያ ቤትም እየተቀላቀሉ ስለሚጻፉ።

ተጠባባቂ የሚባለው ሰው ነው። ወንበሩ አለ፣ ሕጉ አለ፣ የጎደለው የሚቀመጥበት ሰው ብቻ ነው፤ ተጠባባቂው ያንን ክፍተት ይሞላል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲወጡ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዘመናቸው አንድ ሳምንት ነበር። ግንቦት 20 አዲስ አበባ በኢሕአዴግ እጅ ገባች፤ እሳቸውም ጣልያን ኤምባሲ ተጠግተው ቀሪ ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱ። ለአንድ ሳምንት ተጠባባቂነት የተከፈለ ዋጋ ነው። በ2004 ክረምት ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወንበር ባዶ ሆነ። ነሐሴ 10 አቡነ ጳውሎስ፣ ነሐሴ 14 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አረፉ። በመንግሥት በኩል ምክትሉ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ተጠባባቂ ሆነው ቆይተው መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በቤተ ክርስቲያን በኩል አቡነ ናትናኤል ዐቃቤ መንበር ሆኑ፤ አቡነ ማትያስ የተመረጡት በየካቲት 2005 ነው። መንግሥት አንድ ወር ፈጀበት፣ ቤተ ክርስቲያን ስድስት ወር አለፋት፤ ሆኖም የራሷ ስም ያለው ሹመት ስለነበራት ማን ይጠብቅ የሚለው አላወዛገበም። በመንግሥት በኩል ግን ሕገ መንግሥቱ ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ይተካቸዋል ይላል እንጂ ስለ ሞት በግልጽ ስለማይናገር፣ በዚያ ሰሞን አንቀጹን ያገላብጡ የነበሩ ብዙ ናቸው።

ባለአደራ ከተጠባባቂ የሚለየው እጁ ስለሚታሰር ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይሸጥም፣ አይለውጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 60 ምክር ቤቱ ከዘመኑ በፊት ከተበተነ በ6 ወር ውስጥ ምርጫ ይደረግ ይላል፤ እስከዚያው በሥልጣን ላይ ያለው ድርጅት የዕለት ተዕለት ሥራ ያካሂዳል፣ ምርጫ ያደራጃል፣ ከዚያ ውጭ አዲስ አዋጅ ማውጣትም ነባሩን መሻርም አይችልም። ይህ በወረቀት ላይ እንደ ሮማውያኑ ዘዴ የጠነከረ ነው። አዲስ አበባ ከ1997 ምርጫ ውዝግብ በኋላ ከ1998 እስከ 2000 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ነበረች። ነዋሪው ባለአደራው ሲል አስተዳደሩን ማለቱ ነበር። ቤልጂየም ደግሞ ከሰኔ 2002 እስከ ኅዳር 2004 ድረስ 541 ቀን ሙሉ አዲስ መንግሥት ማቋቋም ተስኗት በባለአደራ መንግሥት ኖራለች፤ ባቡሩም ደመወዙም አልቆመም። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫ ሲራዘም የእኛ ሕገ መንግሥት የዚህ ዓይነቱን ሁኔታ አላሰበውም ነበር፤ ጉዳዩ ለትርጉም ሄዶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ 3 የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። አንዳንዱ ይህን ባለአደራ ነው አለ፣ አንዳንዱ አይደለም አለ። እንደ አንቀጽ 60 ቢሆን ኖሮ የመንግሥት እጅ በታሰረ ነበር፤ አልታሰረም።

ጊዜያዊ ከሁሉም የላላ ቃል ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። ከዚህ ቃል ጋር ያለን ትዝታ ረጅም ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ሥልጣን የያዘው አካል ሙሉ ስሙ ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ነበር። ጊዜያዊ የሚለውን ስም የጣለው በጳጉሜን 1979፣ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ነው። 13 ዓመት! በዚያ መሃል ከሁሉ የበለጠ ዘላቂ የሆነውን ነገር ያደረገው ይኸው ጊዜያዊ ነኝ ያለ መንግሥት ነው፦ በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን፣ በሐምሌ 19 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሕዝብና የመንግሥት አደረገ። ጎጃም የርስት አገር ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ ያመፀው ገበሬ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ርስት የሚለው ነገር በአንድ አዋጅ ሲቀር አየ። ደርጉ ከሄደ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው ግን ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ውስጥ አለ። አዋጁ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለውን እዚህ አንፈርድም። ጊዜያዊ የሚለው ስም የሚወጣውን ሕግ ዕድሜ እንደማያሳጥረው ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የሽግግር የሚለው ቃል ከጊዜያዊ የሚሻለው ከየት ወደ የት የሚለውን አብሮ ስለሚያመጣ ነው። ከዚህ ወንዝ ዳር ተነስተን እዚያኛው ዳር እንወጣለን እንደማለት ነው፤ ዐባይን በሰፈርታክ ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው መሃል ላይ መቆም እንደማይፈለግ ይገባዋል። በሐምሌ 1983 የወጣው የሽግግር ወቅት ቻርተር ምርጫ በሁለት ዓመት ውስጥ ይደረግ፣ ቢራዘም ከስድስት ወር አይለፍ ይል ነበር። የሽግግሩ መንግሥት ያበቃው በነሐሴ 1987 ነው፤ አራት ዓመት። በዚያ መሃል የአገሪቱ ካርታ ተለወጠ። ደርግ በመጨረሻ ዓመታቱ ጎጃምን ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ብሎ ከፍሎት ነበር፤ በሽግግሩ ዘመን በወጣው አዋጅ ምሥራቅና ምዕራቡ በአማራ ክልል፣ መተከል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሆኑ። የክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ የነበረችው ደብረ ማርቆስ የዞን ከተማ ሆና ቀረች፤ ክልሉ ባሕር ዳር ተቀመጠ። ይህን የወሰነው በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም። አከላለሉ የሚያስነሳው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም።

ከቤተ መንግሥት ወረድ ብለን ብናይ ተራው ሰው ከእነዚህ ቃላት ጋር በየቀኑ ይኖራል። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ወጣት በመጀመሪያ የሚይዘው ቴምፖ ነው፣ ማለትም ጊዜያዊውን የምስክር ወረቀት። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳው ሲከፈል ነው፤ ስለዚህ በቴምፖ ዓመታት የሚኖር ምሩቅ ብዙ ነው። ቴምፖው ትምህርቱን መጨረሱን ይመሰክራል፤ ጊዜያዊ የሆነው ወረቀቱ እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለበት፤ በግል ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኖታል። በዚህ መሃል ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ብቁ ካልሆነም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እዚህ የሮማውያኑ ዘዴ አለ፤ ቀኑ ተቆጥሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን ጊዜያዊ እግድ ነው። ሁለት ወንድማማች በአንድ የእርሻ ማሳ ተካሰሱ እንበል። ክርክሩ እስኪያልቅ አንደኛው ባሕር ዛፉን ቆርጦ እንዳይሸጥ፣ ወይም ይዞታውን ለሦስተኛ ሰው እንዳያስተላልፍ ከተፈለገ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ ይፈቅድለታል። የሚታየው ንብረቱ የመጥፋት፣ የመበላሸት ወይም የመሸሽ አደጋ አለበት ወይ የሚለው ነው። ማሳው የማን ነው የሚለው ገና አልተነካም። እግዱን የጠየቀው ሰው በማስረጃ ሊረታ ይችላል፤ ያን ጊዜ እግዱ ይነሳል፣ በእግዱ ምክንያት በሌላው ላይ ኪሳራ ከደረሰም ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። እግድ ሲያገኝ ፍርድ ያገኘ መስሎት ጠበቃውን አሰናብቶ አገሩ የሚገባ ባለጉዳይ አለ። መዝገቡ ግን አልተዘጋም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልቀረበ ክሱ ሊዘጋበት፣ እግዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።